ለጉለሌ አየር የተቃኘ ሞተር

የካቲት 17 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ጾም ተያዘ። ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ደጄ ላይ ጀልባ ቆማ አገኘኋት። ጉለሌ ላይ፣ በዚህ ዳገት፣ ከፒክአፕ ኋላ በተጎታች ጋሪ ተጭና። ያመጣት ኖህ ነው፣ የልጄ የናዝሬት ባል። አራት ሜትር ከምናምን ትሆናለች፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ሆዷ እንደ ቢላ የሾለ ነጭ ፋይበር ነው። ሞተሩ ሰባ አምስት የፈረስ ጉልበት አለው። ለእንዲህ ያለች ቀላል ነገር ይበዛባታል። ላንጋኖ ዳር ከጓደኛው ጋር የሚሠራበት ሎጅ አለ፣ ለፋሲካ በእንግዶች ፊት ሊነዳት ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ባሕር ኃይል የነበሩ ሰው ነዎት። ከእርስዎ ሌላ ማን ይነካታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በልጅነቴ ምጽዋ ሦስት ዓመት የፈጣን ጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ትምህርት እሱ ብቻ ነው።

በዳሳ፣ ከጋራዤ ጎን ብየዳና ፋይበር የሚሠራው ጎረቤቴ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጥቶ ዞራት። «ኖህ መርከብ አገኘ በሉኛ። እንግዲህ የእንጦጦን ጅቦች ጥንድ ጥንድ አድርገን እንጫናቸው?» አለ። ኖህ ሳቀ። ሲስቅ መልከ መልካም ነው።

ናዝሬት ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮት ሰላም አልኳት። ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባዋለች። ከንፈሯ አብጧል።

«በር መታኝ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ጾሙን ያስፈጽመኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

በርሜል ውሃ ሞልቼ ሞተሩን እዚያ ውስጥ አስነሳሁት። ጥቁር ጭስ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ባይ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። እንደጠረጠርኩት ነው፣ ለባሕር ጠረፍ የተቃኘ ሞተር ነው። ጠረፍ ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ቤንዚን ይችላል። እዚህ እንጦጦ ሥር አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል።

ቤንዚኑን የሚለኩት ካርቡራቶሩ ውስጥ ያሉ ሦስት ትንንሽ ነሐሶች ናቸው። እያንዳንዷ መሐሏ ላይ መርፌ የማታክል ቀዳዳ አላት። ጠባብ ቀዳዳ ያላቸውን አስገባሁ። ጸጥ ብሎ ሠራ። ካንዴላው ቡናማ ሆነ፣ እንደሚወደደው።

ላንጋኖ ግን ከዚህ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ በእነዚህ ጠባቦች ሙሉ ጋዝ ከተሰጠው ቤንዚን ያጥረዋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክስና ሞተሩ በሩጫ ላይ እንዳለ ድርቅ ይላል። ለላንጋኖ የሚሆኑትን ሦስቱን በክብሪት ቀፎ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ከመውረዱ በፊት መለወጥ አለባቸው። እንዳይረሳ ጻፍኩት።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሥራ በዛ። ሁለት ጄኔሬተር፣ አንድ የውሃ ፓምፕ። ጳውሎስ ታክሲ ተራ ላይ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመው ነበር። አንደኛዋ «የኔ ባል እጁን አንስቶብኝ አያውቅም» አለች። ሌላዋ «ገና ነዋ፣ ስንት ወራችሁ ነው?» አለቻት። ተሳሳቁ። ወረፋዬ ደርሶ አላወቅሁም፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ገፋኝ።

ናዝሬት ስልክ አላነሳችም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከበዳሳ ጋር ሞተሩን ጀልባዋ ጀርባ ላይ አምስት ሴንቲ ከፍ አድርገን አሰርነው። ዝቅ ካለ ውሃው ይጎትተዋል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮፔለሩ አየር ይነክስና መሪው ባዶ ይሆናል። ቡሎኖቹን ሁለቴ አጠበቅሁ። ሥራው ያምራል። ባያምር ይሻለኝ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኖህ ቆሞ ሲያይ ነገርኩት። እንዲህ ያለች ጀልባ ስትሮጥ ሆዷ ውሃ አይነካም ማለት ይቻላል፣ በጭራዋ ጫፍ ነው የምትቆመው። አፍንጫዋን አብዝተህ ካነሳሃት ትዘላለች። ቀኝ ግራ መንገዳገድ ከጀመረች በመሪ አትታገላት፣ ጋዙን በዝግታ ቀንስ። በድንገት ከለቀቅከው አፍንጫዋን ትተክልና ወደፊት ትወረውርሃለች።

«እንደ ሴት ናት በላ» አለኝ፣ ለበዳሳ እየጠቀሰ።

በዳሳ አልሳቀም። መሪው አጠገብ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ አንስቶ «ይሄስ፣ ማዕተቧ ነው?» አለ። ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው እንደሆነ፣ ሰውየው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን እንደሚያጠፋ አስረዳሁ። ኖህ፣ እኔ አልታሰርም አለ።

ምጽዋ እያለሁ አንድ ጓዴ ከእንዲህ ያለች ጀልባ ተወረወረ። በዚያ ፍጥነት ውሃ ሲሚንቶ ነው። አንገቱ ተሰብሮ ስናወጣው ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም፣ የተኛ ነበር የሚመስለው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ከሆስፒታል ነው የመጣሁት። የናዝሬት ግራ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጄሶ ሲያስሩላት እጇን ይዤ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ «እንዴት ሆነ?» አለቻት። ናዝሬት ጣሪያውን እያየች፣ ደረጃ አለች። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ኮሪደር ላይ ስንቀመጥ፣ «ልጄ፣ ወደ ቤቴ ነይ። የእናትሽ ክፍል ባዶ ነው» አልኳት።

«የእማዬ ክፍል» አለች። «አባዬ፣ እማዬን ስንት ጊዜ ነው በር የመታት?»

ያኔ እጠጣ ነበር። ከተውኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሐመልማል ከሞተች ዘጠኝ። በመካከሉ ሰባት ዓመት መልካም ሰው ነበርኩ። ይህም መቆጠር አለበት።

ወደ ኖህ ቤት ተመለሰች። ታክሲ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

መጋቢት 5

ሥራ የለም። ቁልፍ ያዝኩ፣ አስቀመጥኩ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ባለፈው ዓርብ ሳላውቅ ወተት የነካው ዳቦ እንደበላሁ ነገርኳቸው። በሥራ ቦታ ስሳደብ እንደዋልኩ ነገርኳቸው።

«ሌላስ፣ መዝገቡ?»

«ሌላ የለም አባ።»

መስቀሉን ግንባሬ ላይ ከወትሮው ረዘም አድርገው ያዙት። መቼም ያውቁኛል። ሐመልማልም የእሳቸው የንስሐ ልጅ ነበረች፣ ከእኔ ቀድማ። የነገረቻቸውን ነግራቸዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሚያውቅ ሰው ፊት ስንበረከክ ኖሬ፣ ስለ ዳቦ ነው ያወራሁት።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ



ኖህ ጀልባዋን ሊያይ መጣ። «አባባ፣ ደረሰች?» አለ። የናዝሬት ክንድ እንዴት ነው አልኩት። «እሷን ይጠይቋት» አለ። አንተን ነው የጠየቅሁት አልኩት።

ፈገግ አለ። «ስማ መዝገቡ» አለኝ። አባባ ቀረ፣ እርስዎ ቀረ። «እኔ ቤት ስለሚሆነው አንተ አትጠይቀኝም። ሚስትህን የምትገርፍበት ቀበቶ የትኛው ምስማር ላይ ይሰቀል እንደነበር ልጅህ ሁሉንም ነግራኛለች። ዘለበቱን ሁሉ። ከማን ተምራ ዝም የምትል ይመስልሃል?»

ሃያ አራት ቁጥር ቁልፍ ይዤ ነበር። የጀልባዋ የፊት መስታወት ብትንትን አለ። የኖህ ጭንቅላት ከመስታወቱ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። መስታወቱን ነው ያለምኩት። በዳሳ ሮጦ ከኋላ አቀፈኝ፤ ኖህ እንደታቀፍኩ አፌን መታኝ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። በዳሳ እኔን ጥሎ እሱን በአንገቱ ይዞ በሩ ላይ አጣበቀው። «ሽማግሌ ነው የምትመታው? ውጣ» አለው፣ ቀስ ብሎ፣ በማይጮኽ ድምፅ። ኖህ ሸሚዙን አስተካከለ። «ለፋሲካ ትድረስ» ብሎ ሄደ።

የታችኛው ጥርሴ ይነቃነቃል። መስታወቱን ነው ያለምኩት።

ከሰዓት ናዝሬት ደወለች። «አባዬ፣ ጨርስለት። ካልጨረስክለት እኔ ላይ ነው የሚወጣው።»

እጨርስለታለሁ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

በዳሳ አዲሱን መስታወት ገጥሞ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ነሐሶቹን ለወጧቸው አይደል? ቅዳሜ እኮ ነው የሚወርደው» አለኝ።

«ለውጫለሁ» አልኩት።

አልለወጥኩም። ቀፎው መደርደሪያው ላይ ነው። ለምን ለውጫለሁ እንዳልኩ አላውቅም። ነገ እለውጣለሁ ብዬ አስቤ ይሆናል። ሠላሳ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

መጋቢት 30

አልተመቸኝም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ረሳሁት።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ነገ ትወርዳለች። ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። ኖህ ብቻውን ነው የሚነዳት፣ አብሮት የሚገባ የለም። ዛሬ በስልክ ሦስቴ ጠየቅሁት። በመጨረሻ «ብቻዬን ነኝ አልኩህ እኮ» ብሎ ዘጋው። እኔም እወርዳለሁ፣ ዳር ቆሜ አያለሁ።

ስግደት አልቻልኩም። ጉልበቴ ነው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ዘንባባ አላሰርኩም። ሦስት የጎን አጥንቴ ተሰንጥቋል፣ ተጋድሜ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ትናንት አምስት ሰዓት ላይ ውሃ አስገባናት። ላንጋኖ እንደ ሻይ ቡናማ ነው። እንግዶቹ ስልካቸውን ይዘው ዳር ተደረደሩ፣ ሃያ ይሆናሉ። ኖህ በግማሽ ጋዝ ሁለቴ ዞረ። እንደ መቀስ ነበር ውሃውን የምትቆርጠው። አንድ ሰውዬ «ይቺን ማን ሠራት?» ብሎ ጠየቀ፣ እኔን አሳዩት፣ ጨበጠኝ።

ከዚያ ኖህ ዳር አስጠግቶ፣ «ናዚ፣ ነይ ግቢ» አለ።

ናዝሬት ጄሶዋን አሳየችው።

«ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃል» አለ። ሰዎች ሳቁ። ወርዶ ደህናውን እጇን ይዞ ጎተታት፣ አስቀመጣት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃ ገባሁ። «እሷ ትውረድ፣ እኔ ልግባ። የሞተሩን አቅጣጫ እየሄድን ማስተካከል አለብኝ» አልኩ። ነሐሶቹ አልተለወጡም ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር፣ የጨበጠኝም ሰውዬ። እሷ ወረደች፣ እኔ ገባሁ።

ቀዩን ገመድ እሰር አልኩት። እጁን አወናጨፈ። እኔ እጄ ላይ አሰርኩት።

መሐል ሐይቅ ስንደርስ ሙሉ ጋዝ ሰጣት። አፍንጫዋ ተነሳ፣ ከዚያ ተቀመጠ፣ ከዚያ ውሃው ጠፋ፣ ከሥራችን የሚሰማው እንደ ጠጠር መንገድ ብቻ ነበር። ነፋሱ ዐይን ያስለቅሳል። ትንሽ ተንገዳገደች፤ ጋዙን በዝግታ ቀነሰ፣ እንዳስተማርኩት፣ ቀጥ አለች። መልሶ ሰጣት። ጎበዝ ነጂ ነው። ዞሮ ሳቀልኝ፣ እንደ ልጅ። በዚያች ሰዓት ቂም አልነበረውም።

ያኔ ድምፁ ቀጠነ። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ሊሞት ሲል ያምርበታል። ይፈጥናል፣ ይጠራል፣ እንደ ዋሽንት ይሆናል። ኖህ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ክንዴን ወደ ደረቴ ብሰበስብ ይጠፋል። አልሰበሰብኩም። አቡነ ዘበሰማያት ብሎ ይትቀደስ ስምከ ላይ እስኪደረስ ያህል ቆየሁ።

ነከሰ።

ስንወረወር አላየሁም። ውሃው ጎኔን መታኝ፣ ሁለተኛ መታኝ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ፀሐይ። ጀልባዋ ተገልብጣ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታለች። ኖህ አጠገቤ ነበር። አገጩ ወደ ጎን ዞሯል፣ ከአፉ ደም ይወጣል፣ መዋኘት አይችልም፣ በሁለት እጁ ውሃውን ይደበድባል። ዋኝቼ ከኋላ ፀጉሩን ያዝኩት።

ወደ ላይ ነው የያዝኩት ብዬ ነበር ለሁሉም። እዚህ አልዋሽም። መጀመሪያ ወደ ታች ነው። ራሱን ውሃ ውስጥ ከትቼ በክርኔ ተጫንኩት። ጥፍሩ ክንዴን ቧጠጠ። አረፋ ወጣ። እኔ እየተናገርኩ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ጆሮዬ የራሴን ድምፅ ሲሰማ። «ዝም በይ» እያልኩ ነበር። «ዝም በይ። ዝም በይ አልኩሽ።»

በይ። ለወንድ ልጅ።

እጄን አየሁት። ፀጉር እንደዚያ ከማጅራት ላይ ጠቅልሎ መያዝ የት እንደለመደ አውቃለሁ። ያቺም ትቧጥጠኝ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ኋላ ትታዋለች።

ገልብጬ ፊቱን ወደ ሰማይ አደረግሁት። በብብቱ ይዤ በጀርባዬ ዋኘሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የሎጁ ታንኳ ደረሰልን።

ናዝሬት እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር። ጄሶዋ ርሶ ፈርሷል። ኖህን አላየችውም፣ እኔን ነው ያየችው።

«ማንን ነበር ዝም በይ የምትለው?» አለችኝ።

ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ያንን ምጽዋ እያለሁም አውቀው ነበር።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ኖህ አገጩ በሽቦ ታስሯል፣ መናገር አይችልም። በጽሑፍ ከሷል፣ ሊገድለኝ ሞተሩን አበላሸ፣ ውሃ ውስጥም አነቀኝ ብሎ። ናዝሬት ከሆስፒታሉ ወጥታ የት እንዳደረች አላውቅም።

በዳሳ መጣ። ሞተሩን እዚያው ከፍቶ አይቶታል። ወንበር ስቦ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለውጫለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«ይረሳል» አለ፣ እኔን ሳያይ። «ሰው ነን። ጉለሌ የተቃኘ ሞተር ቆላ ወርዶ ሲነክስ የመጀመሪያው አይደለም። ማንም መካኒክ የሚሠራው ስሕተት ነው። ረሳሁ ይበሏቸው፣ እኔም እመሰክራለሁ። ውሃ ውስጥ ያለው ደግሞ የሚሰምጥ ሰው የሚያድነውን ይታገላል፣ ታውቆ ያደረ ነው። በቃ።»

«አንተ ረስቼው ይመስልሃል?»

ተነሳ። ብርድ ልብሴን እግሬ ላይ አስተካከለልኝ። «እኔ መልስ አልፈልግም ጋሼ» አለ። «ሐሙስ ፖሊስ ጣቢያ እኔ ነኝ የምወስድዎት።»

ከሄደ በኋላ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩ። ገጾቹ በቀላሉ የሚቀደዱ ናቸው። የየካቲት ሃያን ገጽ በሁለት ጣቴ ይዤ ቆየሁ።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ከፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው የምጽፈው፣ ሐይቁ አቅራቢያ ያለች ከተማ ናት። መርማሪዋ ደብተሩን እንደምትወስደው ነግራኛለች። የቀረኝን እስክጨርስ ፈቅዳልኛለች።

ሃዊ ትባላለች፣ የናዝሬት እኩያ ትሆናለች። ትሕትና አላት፣ «አባቴ፣ ጎንዎን እንዳያምዎት» ብላ ትራስ አስመጣችልኝ። ናዝሬት ለምስክርነት ተጠርታ ቀድማ መጥታለች። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ አዲስ ጄሶ ታስሮላታል። ሰላም አልኳት። ራሷን ነቅንቃ መለሰችልኝ።

በዳሳ መጀመሪያ ገብቶ የሚለውን ብሎ ወጥቷል። ስለዚህ መርማሪዋ ግማሹን ጽፋ ነው የጠበቀችኝ። «እንግዲህ ነገሩ ከፍታው ሲለወጥ መለወጥ የነበረበት ዕቃ ነው አይደል? ሥራ በዝቶብዎት ነበር፣ ዕድሜም አለ። ረስተውት ነው?»

ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እየጠበቀች ነበር። አዎ ብል ኖሮ ትጽፈው ነበር።

«አልረሳሁም» አልኩ።

ቀና አለች። «አባቴ፣ ቀስ ብለው ያስቡት። ይሄ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።»

«አስቤበታለሁ። እንዲነክስ ፈልጌ ነው የተውኩት። ውሃ ውስጥም ወደ ታች ነው የያዝኩት። ይሄው ደብተሩ» አልኳት።

በየገጹ እያገላበጠች አነበበች። መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበር። ናዝሬትን ላያት አልቻልኩም። አንብባ ስትጨርስ መርማሪዋ የኔን ቃል እንደ አዲስ ከላይ ጀምራ ጻፈችው፣ አነበበችልኝ፣ ፈረምኩ። ጎኔ ስላመመኝ ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስላል።

ያኔ ናዝሬት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«አሁን የእኔን ጻፊልኝ» አለች።

«ስለ ባልሽ ነው?»

«ስለ እሱም እናገራለሁ። ከእሱ በፊት የነበረ ግን አለ። ከዚያ ነው የምጀምረው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። «አባዬ፣ አንተ ውጭ ጠብቅ። አንተም አለህበት።»

ተነስቼ ወጣሁ። በሩን ራሴ ዘጋሁት። ሳንቃው ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማል፤ ራቅ ብዬ ልቀመጥ አስቤ ነበር፣ ግን እዚሁ ቀረሁ።

በእናቷ ስም ነው የጀመረችው። ሐመልማል ስትል መርማሪዋ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ጠየቀቻት።

«በሐመሩ ሐ» አለች።

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። የብዕሩ ድምፅ ግን ይሰማል፣ እስካሁን አልቆመም።